የካርቶን ጥሩር

ባለፈው ሰሞን ወልድያ መናኸሪያ በር ላይ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ጫማ ሰፊው በርጩማ ሰጥቶኝ፣ የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፍቶ ሶሉን በጣቱ ሲለቀልቀው ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የማስቲሽ ሽታ ሌላውን ሰው ራሱን ያሳምመዋል። እኔን ወንድሜ ይሸተኛል።

«እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ ሰውየው።

«ሽታው ነው።»

«ሲቆይ ትለምጅዋለሽ።»

አንድ ክረምት ሙሉ ለምጄው እንደነበር ለማን ይነገራል? ጫማዬን ጠበቅሁ።

ያደግነው መርሳ ነው። መርሳን የማያውቅ ሰው ከደሴ ወደ ወልድያ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ማንጎና ፓፓያ የገዛባት ከተማ አድርጎ ያስታውሳታል። የሚያውቃት ሙቀቷን ያስታውሳል። ቤታችን ከአስፋልቱ ጀርባ ነበር። እናቴ ዘምዘም በረንዳው ላይ በእግር በሚዘወር መኪና ልብስ ትሰፋለች። አባታችን የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ የቤቱ ወንድ እንድሪስ ነበር። እንድሪስ ደግሞ፣ እናቴ እንደምትለው፣ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አይደለም።

አልዋሸችም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ አልመጣለትም። እንጨት ሥራ ገባና አንድ እግር የጎደለው ወንበር ይዞልን መጣ፤ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈን እየተጠነቀቅን እንቀመጥበት ነበር። ባጃጅ እነዳለሁ ብሎ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ወልድያ ተመላለሰ፣ እሱንም መሐል ላይ ተወው። ጓደኞቹ በዚያ ጊዜ በሐራ በኩል አድርገው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ በባሕር ዐረብ አገር እየሄዱ ነበር። ትናንት ኳስ ሜዳ ያየነው ልጅ ዛሬ የለም። እናቱን ብትጠይቋት «ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» ትላለች፤ ዓይኗ ግን አብጧል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እንድሪስም እሄዳለሁ አለ። ጓደኛው ከማል ቀድሞት ገብቶ ነበር፣ ና እያለ ይደውልለታል።

እናቴ የስፌት መኪናውን ጎማ በእጇ አቆመችው። «ምን ጨርሰህ ነው የምትሄድ?» አለችው። «እስቲ ጀምረህ የጨረስከውን አንድ ነገር ጥራልኝ፤ መርቄ እሸኝሃለሁ።»

እንድሪስ ፊቱ ተለዋወጠ። ተነሥቶ ጓዳ ገባና አቧራ የጠገበ የካርቶን ቁራጭ ይዞ ወጣ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ጀምሮ የተወው ትከሻ ነበር። በደብተሩ ሽፋን ላይ ሁልጊዜ የሚሥለው አንድ ወታደር አለ፤ ገና ያልመጣ ዘመን ወታደር፣ ሌላ ኮከብ ላይ የሚዋጋ። ትከሻው የዔሊ ልብስ ይመስላል፣ ደረቱ ላይ መብራት ይበራል፣ ፊቱ በጥቁር መስታወት ተሸፍኗል። የዚያን ወታደር ጥሩር፣ የጦር ልብሱን፣ ነበር በእጁ ሊሠራ የጀመረው።

«ይችን እጨርሳለሁ» አለ። «ወላሂ ይችን ሳልጨርስ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«ማለቋን ማን ይፈርዳል?»

«አንች። ለብሼያት ስትለኪኝ ልክ ነው ካልሽኝ አለቀች ማለት ነው።»

እናቴ እጁን ይዛ መሐላውን አስደገመችው። ወላሂ በኛ ቤት ቀልድ አይደለም።

ያኔ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ምን እንደተዋዋሉ አልገባኝም። ሌላ ነገር ነው የገባኝ። ወታደሩ ይህን ሁሉ ለምን እንደሚለብስ እንድሪስን ስጠይቀው «የሚሄድበት አገር አየር የለውም፤ ካለዚህ ልብስ ያፍነዋል» ብሎኝ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ስለ ዐረብ አገር ሲያወሩ ሙቀቱ ያፍናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል ይላሉ። ሁለቱን ወሬ አንድ አደረግኋቸው። ስለዚህ ወንድሜ አየር የሌለበት አገር ሊሄድ ነው፤ ልብሱ በደንብ ካልተሠራ ይሞታል። ይህን ለማንም ሳልናገር በሆዴ ይዤ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ ጠዋት ማታ ማገዝ ጀመርኩ።

ከሱቆች ካርቶን እለምናለሁ። የተበጠሰ ነጠላ ጫማ ከየቦዩ እለቅማለሁ፤ እንድሪስ ሶሉን በጋለ ቢላ እየሸነሸነ የጣት መገጣጠሚያ ያደርገዋል። ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ቆርጦ፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ሲለሰልስ ጉልበቱ ላይ አጥፎ ይይዘዋል። እየተቃጠለ «እፍ በይልኝ፣ እፍ በይልኝ» ይለኛል፤ እኔ እየሳቅሁ እፍ እላለሁ። ያረጀ የስፖንጅ ፍራሻችን ሆዱ ተቀዶ የደረቱ ገበር ሆነ። ማስቲሹን ሁለቱም ወገን ላይ ቀብተን ወዲያው አናጣብቀውም። ጣት የማይዘው እስኪሆን ይጠበቃል፤ የምጠብቀው ፋቲሃን፣ የቁርአኑን መክፈቻ፣ እየደጋገምኩ በመቅራት ነበር። ከዚያ እጫነዋለሁ። እስኪይዝ ድረስ እጄን ማንሣት የለብኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ የወንድሜን ክንድ በሁለት እጄ ጨምቄ እቀመጣለሁ።

ልክ የሚታይ ቀን ሲመጣ እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ፣ የስፒል መርፌዎቿን ጥርሷ መሐል፣ ምልክት የምታደርግበትን የሳሙና ስባሪ እጇ ላይ ይዛ ትቆማለች። ደንበኛ ስትለካ እንኳ እንደዚያ አትጠነቀቅም።

«ትከሻው ተወላግዷል።»

እንድሪስ ይፈታዋል፣ እንደገና ይሠራዋል።

«ብብቱ ጋ ይዞሃል። እጅህን ወደ ላይ አርገው እስቲ። ይኸው፣ ያዘህ!»

እንደገና ይፈታዋል። እኔ በእናቴ ተናደድኩ። ሴትየዋ ምን ነካት? የቀበሌው ሴት ሁሉ የተጣመመ ቀሚስ ለብሶ ሲሄድ ዝም ያለች፣ ለካርቶን ይህን ያህል? ያን ሰሞን ደግሞ እንድሪስን በገንፎ ገደለችው። ቅቤው መሐሉ ላይ ቆሞ ነው የሚቀርብለት። «ብላ ልጄ፣ ሥራ ላይ ነህ» ትለዋለች። እኔ ደስ ይለኛል፣ ፍቅር ይመስለኛል። ከዚያ ባለፈው ጁምዓ የተዘጋው የደረት ማሰሪያ በሚቀጥለው አይዘጋም። «ጠበበህ» ትላለች እናቴ፣ በጣም ያሳዘናት መስላ።

አንድ ቀን ደግሞ ደረቱ በፍሳሽ በሰበሰ። ጣራችን በአንድ ጥግ በኩል ያፈሳል። እናቴ የቤቷን ቀዳዳ አንድ በአንድ ታውቃለች፤ ሌላ ጊዜ ባልዲ የምታስቀምጠው እሷ ናት። የዚያን ቀን ባልዲው ሌላ ቦታ ነበር፣ ጥሩሩ እዚያ ጥግ ቆሟል። እንድሪስ የረጠበውን ካርቶን አንሥቶ እናቴን አያት። እሷ መርፌዋ ውስጥ ክር ታስገባለች።

«ከቆርቆሮው ነው» አለ።

አሁን ሳስበው እሱም የቸኮለ አይመስለኝም። ከማል ሲደውል ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲመለስ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል። አልሄድም ብሎ አፉ እንዳይናገር ክብሩ ያዘው። እናቴም አትሂድ ብላ እንዳትለምነው ኩራቷ ያዛት። ሁለቱ ያንን ካርቶን መሐል ላይ አቁመው ይፋለማሉ።

ደረቱ ከበሰበሰ በኋላ እንድሪስ ሥራውን በሌላ መንገድ ልያዘው አለ። ስልኩ ላይ ያየው ዘዴ ነው፤ ሰውነቱ በላስቲክና በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ተጣብቆ፣ ከዚያ በመቀስ ተቀድዶ ሲወጣ የራሱ ልክ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ የሚቆረጥ ካርቶን ሊጠብም ሊሰፋም አይችልም። እናቴ ዘዴው አልጣማትም፤ እንቢ የምትልበት ምክንያት ግን አጣች። በላስቲኩ ላይ የሚጠቀለል ጨርቅ ሲያስፈልግ ከሳጥኗ ለትራስ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ አወጣች።

ቆሞ መጠቅለል ጀመረ። ሙቀቱ ራሱን አዞረውና ሰሌን ላይ ተኛ። ከእግሩ እስከ አንገቱ በነጭ አቡጀዲ ተጠቀለለ፣ እጆቹ ጎኑ ላይ ተጣበቁ፣ ከማስቲሹ ሽታ ብዛት ዓይኑን ጨፈነ። እናቴ ተንበርክካ ደረቱ ላይ ትቆርጣለች። እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ፋቲሃዬን እቀራለሁ።

እትዬ አስካለ የገባችው ያኔ ነው። አጥራችን አንድ ነው፤ እንድሪስን ጡት ያጋራችው እሷ ናት ይባላል። የፓፓያ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሰሌኑን አየች። ነጩን ጨርቅ አየች። በሙት ላይም የሚቀራውን ፋቲሃዬን ሰማች። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

«ወየው ልጄን! ወየው እንድሪሴን!»

እናቴ አፏ ሙሉ መርፌ ነው። ቀና ብላ በእጇ ብታወናጭፍ፣ ለእትዬ አስካለ የሐዘን መስሏት ባሰባት። መርፌዎቹን እስክትተፋ እትዬ አስካለ አስፋልቱ ጋ ደርሳለች።

ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችን ነው። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቅሬ ነው፤ ለቀብር የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ማንም እስኪያጣራ አይቆምም። ሰው እያለቀሰ መጣ፣ ከበስተኋላው ሌላ ሰው መጣ። አካፋና ዶማ የያዙት ወደ ቤታችን ሳይመጡ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ ቀብር አይዘገይማ። እንድሪስ በጥቅሉ ውስጥ ሆኖ «አለሁ! ኧረ አለሁ!» ይላል። መነሣት ስላቃተው ሰሌኑ ላይ እንደ ዓሣ ይገለባበጣል። ሁለት ሴቶች ሮጠው አመለጡ። እኔ ሳቅሁ። ወዲያው ግን የእናቴን ፊት አየሁና ሳቄን ተውኩት። ያን ያህል የነጣ የሰው ፊት አይቼ አላውቅም።

የቅሬያችን ዳኛ ሼህ ሙሄ ነበሩ። ጢማቸው በሒና የቀላ፣ በዝግታ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። እንድሪስን ጨርቁ ከተቀደደለት በኋላ በረንዳው ላይ አስቀምጠው ትከሻውን፣ ጉልበቱን ዳሰሱት። ሰውም አዋራጅ ነገር እንዳይናገረው አደረጉ።

«የተሰበሰበ ሰው ባዶ አይበተንም» አሉ። «ዱዓ ይደረግ።»

ተቀመጡ። ጫት መጣ። ከመቃብሩ የተመለሱት ሰዎች ክንዳቸው አፈር ነክቶት ነበር፤ ጀምረውት ነበር ማለት ነው። እናቴ ያንን አፈር አይታ ወደ ሼህ ሙሄ ዞረች።

«ሼሃችን፣ ይኸ ምን ምልክት ነው?» አለቻቸው። «ለልጄ በቁሙ አፈር ተጫረለት።»

አሁን ሳስበው ሼህ ሙሄ የሚያጽናኑበት ቃል ነበር የፈለጉት፣ ሌላ አይደለም።

«አብሽሪ ዘምዘም» አሏት። «በቁሙ የተለቀሰለትን ሰው ሞት ፈልጎ አያገኘውም። ተለቀሰ፣ ተቆፈረ፣ አለቀ። ዕድሜውን ጀሊሉ አስረዝሞለታል።»

«አሚን!» አለ ሕዝቡ። ከሁሉ በላይ የጮኸችው እትዬ አስካለ ነበረች፣ ሐፍረቷ እንዲለቃት።

እናቴ ያችን ቃል ይዛ ቀረች። በሚቀጥሉት ቀናት ለብቻዋ ስትደጋግማት እሰማት ነበር። ገንፎው ቀረ። ባልዲው ቦታው ተመለሰ። ጥሩሩ አዲሱ ልክ ላይ ሲቆረጥ የውስጡን ማሰሪያ ራሷ ሰፋችው፤ የብብቱን ጠርዝ ቆዳውን እንዳይልጠው በጨርቅ ከበበችው። እንድሪስ በብርማ የበር ቀለም ቀባው። ደረቱ ላይ የባጃጅ መብራት ገባ። ራስ ቁሩ ከአሮጌ የሞተር ቆብ ተሠራ፣ ፊቱ ላይ የጠቆረ ላስቲክ ተለጠፈበት።

የመጨረሻው ልክ ቀን እንድሪስ ለብሶ መሐል ቤት ቆመ። እናቴ ዞረችው። ትከሻውን ዳሰሰች፣ ወገቡን ዳሰሰች፣ ተንበርክካ ጉልበቱን ዳሰሰች። ብዙ ቆየች። እኔ ትከሻው ጋ ምን ልታገኝ ነው ብዬ ዓይኔን ከእጇ አልነቅልም።

«ልክ ነው» አለች።

እንድሪስ ራስ ቁሩን አወለቀ። ፊቱ በላብ ርሷል። «እማ፣ ደግመሽ እይው እስቲ» አላት። «ግራው ጋ ጎርበጥ አይልም?»

«ልክ ነው አልኩህ እኮ። ተለቅሶልሃል፣ አሁን አልፈራም።»

እኔ ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ወንድሜ አይታፈንም።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ለመሄድ ለብሶት አስፋልቱን ይዞ በእግሩ ወጣ። የመርሳ ልጅ ሁሉ ከኋላው ተሰለፈ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥሩምባ ነፉለት። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ቅርጫታቸውን ትተው ቆመው አዩት። እኔ ከጎኑ እየሮጥኩ «የኔ ወንድም ነው! እኔ ነኝ ያጣበቅሁት!» እላለሁ። ያን ቀን ጨራሽ ሆነ፤ ሰው ሁሉ መሰከረለት። የፊቱ መሸፈኛ ላስቲክ ጥቁር ስለነበር ከውስጡ ይሳቅ ያልቅስ አላየሁም።

ከዚያ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ስነቃ እንድሪስ ጃኬት ለብሶ፣ ትንሽ ቦርሳ አንግቶ በሩ ላይ ከእናቴ ጋር ይሳሳማል። ወደ ሐራ የሚወስደው ባጃጅ ውጭ ቆሞ ይንደቀደቃል። ጥሩሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ረሳኸው እኮ!» አልኩት።

«አንች ጠብቂልኝ፣ ፋጤ።»

አልገባውም ማለት ነው። ራስ ቁሩን አወረድኩና በእቅፌ ይዤ ተከተልኩት። ባጃጁ ተነሣ። «እንድሬ! ያፍንሃል! አየር የለም እኮ!» እያልኩ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። ባጃጁ ግን ውስጡ ያለውን ሰው አላሳየኝም፣ ጀርባው ላስቲክ ነው። እናቴ ደርሳ ከኋላዬ ያዘችኝ።

«ተይው» አለችኝ። «እሱን ምንም አያገኘውም። አብሽሪ።»

ድምጿ ጸጥ ያለ ስለነበር አመንኳት።

ትምህርት ተከፈተ። መስኩ ላይ ማሽላው ቁመት ጨመረ፣ ቀላ፣ መታጨድ ጀመረ። እንድሪስ መጀመሪያ ከባሕሩ ዳርቻ ሆኖ አንዴ ደወለ፤ ሙቀት ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ጀልባ እየጠበቅን ነው አለ። «ትንፋሽስ?» አልኩት እኔ ስልኩን ቀምቼ። ሳቀ። «አለ፣ ትንሽ ትንሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰዎች በረንዳችን ላይ ነበሩ። ሼህ ሙሄና ሁለት የቅሬው ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ አጥሩ ጋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች፤ ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈረችም። እናቴ መኪናዋን ትዘውራለች።

«ዘምዘም፣ እሱን አቁሚውና ስሚን» አሉ ሼህ ሙሄ።

«ሥራ የያዘው እጄና እግሬ ነው ሼሃችን፣ ጆሮዬ ባዶ ነው። ይናገሩ።»

«ከማል ደውሎ ነበር። የነሱ ጀልባ…» አሉና አቆሙ። «ጀልባዋ አልገባችም። ከወጡት ሰዎች መሐል እንድሪስ የለም። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

መኪናው አልቆመም። ጨርቁ ተንሸራቶ መሬት ወድቆ ነበር፤ መርፌው ባዶውን ይወጋል። እናቴ እግሯን አላነሣችም።

«የኔ እንድሪስ ተለቅሷል» አለች። «ባለፈው ክረምት። እናንተው ናችሁ ያለቀሳችሁት። አፈሩም ተጭሯል።»

«ዘምዘም…»

«አንቱ ራስዎ አይደሉም እንዴ፣ እዚችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ በቁሙ የተለቀሰለትን ሞት አያገኘውም ያሉኝ? ሐሰት ነበር?»

ሼህ ሙሄ የወደቀውን ጨርቅ ከመሬት አንሥተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ አምኜዎት ነው» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «አምኜዎት ነው ልክ ነው ያልኩት። ካለዚያማ ይኸን ጊዜ ብብቱ ይጠበው ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም፣ ቅሬው ይኸን ያውቃል። ድንኳን እንዳትተክሉብኝ።»

ሼህ ሙሄ የጥምጥማቸውን ጫፍ ፈትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ብብታቸውን ደግፈው አስነሧቸው፤ ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እትዬ አስካለም ነጠላዋን አቃንታ ከኋላቸው ሄደች።

እኔ ደብተሬን አቅፌ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ቅሬን የሚያህል ነገር በእናቴ ቃል ተረትቶ ሲመለስ ዓይኔ አይቷል። እንድሪስ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሮጬ እናቴ ጉያ ገባሁና በደስታ ሳምኳት።